አዮኒክ 5 ወይስ አይዲ 4? የሁለት ኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች ወረቀት እንዴት ይነበባል

ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለማወዳደር የተቀመጠ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣጣው ያለው መልሱ ላይ ነው።

የሀዩንዳይ አዮኒክ 5ን እና የቮልስዋገን አይዲ 4ን እንውሰድ። ሁለቱም በ2021 አካባቢ ገበያ የገቡ፣ በመጠንም በዋጋም ጎረቤት የሆኑ የቤተሰብ መኪኖች ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለቱም በ2023 ትልቁ የነበረውን ባትሪና የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚያሽከረክረውን ሞተር የያዙትን እንምረጥ። በአውሮፓ መለኪያ አይዲ 4 ወደ 520 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። 77.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው አዮኒክ 5 ደግሞ 507። አይዲ 4 በለጠ ማለት ነው። አሁን የአሜሪካኑን ወረቀት ግለጡ። የ2023ቱ አይዲ 4 443 ኪሎ ሜትር፣ አዮኒክ 5 ደግሞ 488። አሸናፊው ተገለበጠ፤ ያውም በ45 ኪሎ ሜትር።

መኪኖቹ በመሠረቱ ያው ናቸው። የተለየው ፈተናው ነው። ሁለት መኪና ከማወዳደር በፊት የሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ መለኪያ መምጣታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ነው ስለ ስክሪን ስፋት የሚከራከረው።

ኪሎ ሜትሩ ከየት መጣ?

አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት ፈተና ደብሊውኤልቲፒ ይባላል። በ2017 ኤንኢዲሲ የሚባለውን የድሮና በጣም ለጋስ ፈተና ተካ። መኪናው ላቦራቶሪ ውስጥ ጎማዎቹን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ አድርጎ 30 ደቂቃ ይነዳል። አንዴ ዝግ፣ አንዴ ፈጠን ይላል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 46.5 ኪሎ ሜትር ነው። ቻይና የራሷ ፈተና አላት፤ ሲኤልቲሲ ይባላል። እሱም 30 ደቂቃ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ ግን 29 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ የከተማና የፈጣን መንገድ ውጤቶችን ይደባልቅና ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ ገደማ ይቆርጣል። ብርዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ የሹፌሩ አረጋገጥ ሁሉ ከዚያች ቅናሽ ውስጥ እንዲታሰብ ነው።

ፍጥነቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ መንገድ ይመቸዋል። መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ ምንም አይበላም። ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ ፈተናው ዝግ ባለ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ያብጣል። የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ የሚሠራው፣ አቶ 3 የሚባለው መኪና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አለው። ቻይና ውስጥ ዩዋን ፕላስ በሚለው ስሙ 510 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይሸጣል። የአውሮፓ ወረቀቱ 420 ይላል። ባትሪው አንድ ነው። 90 ኪሎ ሜትሩን የበላው መለኪያው ነው።

ከቻይና በቀጥታ የመጣ መኪናን ለአውሮፓ ከተሠራ መኪና ጋር የሚያወዳድር ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። እኔ ሻካራ የሆነች ስሌት አለችኝ። የኢፒኤ ቁጥር ካለ እሱን እወስዳለሁ። ደብሊውኤልቲፒ ብቻ ካለ 15 በመቶ እቀንሳለሁ። ሲኤልቲሲ ብቻ ከሆነ ሲሶውን እጥላለሁ። ሳይንስ አይደለም፤ ግን በመንገድ ላይ ከሚያሳፍር ቁጥር ያድናል።

ይህም ሆኖ ረጅምና ፈጣን መንገድን በትክክል የሚነግር ፈተና የለም። መኪናን የሚይዘው የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወጡ አየሩ የሚገፋችሁ ኃይል 78 በመቶ ያድጋል። ኤስዩቪ ደግሞ ግንባሩ ሰፊ ነው። በወረቀት ላይ 500 የሚል መኪና በቋሚ 120 ሲነዳ ከ350 ብዙም ባይዘል ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሌላም የምትረሳ ነገር አለች። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ኪሎ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ የትንሹ ቸርኬና የአንድ ሞተሩ ሞዴል ነው። 77.4ቱ አዮኒክ 5 ላይ ሁለተኛ ሞተር ሲጨመርና አራቱም ጎማ ሲነዳ የአሜሪካኑ ቁጥር 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ያያችሁት ቁጥር የአንዱ፣ ሻጩ ፊታችሁ ያቆመው መኪና የሌላው ሊሆን ይችላል። ስሙ አንድ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አንድ አይደለም።

ባትሪው

ኪሎ ዋት ሰዓት የጀሪካኑ መጠን ነው። ኪሎ ዋት ደግሞ ውሃው የሚወርድበት የቧንቧው ውፍረት። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታቱ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ "150 ኪሎ ዋት ባትሪ" ሲሏችሁ ስለ ሞተሩ ጉልበት እያወሩ ይሆናል።

የጀሪካኑም መጠን ሁለት ነው፤ ጠቅላላውና ለመንዳት የሚገኘው። አምራቾች ባትሪው እንዳይጎዳ ከላይም ከታችም ትንሽ ይቆልፋሉ። አይዲ 4 ጠቅላላው 82 ነው፤ ለሹፌሩ የሚደርሰው 77። የአዮኒክ 77.4 ግን የሚጻፈው በጠቅላላ ልኩ ነው፤ ሁሉም ለመንዳት አይገኝም። እንግዲህ 77 እና 77.4 አይተን "እኩል ናቸው" ብንል አንዱን በተጣራው፣ ሌላውን ባልተጣራው ማወዳደራችን ነው። አይዲ 4 እዚህ ላይ ትንሽ ይበልጣል። በአሜሪካው ፈተና ግን በትንሹ ባትሪ ርቆ የሄደው አዮኒክ ነው፤ ቆጣቢ ነው ማለት ነው።

ከውስጡ የተሠራበት ነገርም ልዩነት አለው። ሁለቱም ኒኬል ያለበት ባትሪ ነው የሚጠቀሙት። አቶ 3 ግን ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ በአጭሩ ኤልኤፍፒ ነው። ኤልኤፍፒ ለተመሳሳይ ጉልበት ክብደቱ ይበልጣል፤ በብርድ ጊዜም ቻርጅ መቀበል ይከብደዋል። በምትኩ ብዙ ዙር ቻርጅ ይችላል፤ እስከ 100 መሙላትም ያን ያህል አይጎዳውም። ኒኬል ያለበትን ግን ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ ማቆም፣ 100 የሚሞላው ሩቅ መንገድ ሲኖር ብቻ ነው የሚመከረው። ለማወዳደር ስትቀመጡ ይህን አስቡበት። በየቀኑ እስከ 80 የሚሞላ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በተግባር የሚሰጣችሁ 62 ገደማ ነው። በየቀኑ እስከ ጫፍ የሚሞላ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤልኤፍፒ ከዚያ ብዙም አያንስም።

ቻርጅ፦ ልዩነቱ የሚወጣበት ቦታ

የእነዚህ ሁለት መኪኖች ትልቁ ልዩነት ከወንበራቸው በታች ነው። አዮኒክ 5 የ800 ቮልት ሥርዓት አለው። አይዲ 4 የ400 ቮልት። ቮልቱ ሲጨምር ያንኑ ኃይል በአነስተኛ ከረንት ማስገባት ይቻላል። ከረንት ሲያንስ ኬብሉም ባትሪውም ብዙ አይግልም። ስለዚህ በፍጥነት ይሞላል። ሀዩንዳይ 350 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ቻርጀር ከ10 እስከ 80 በመቶ በ18 ደቂቃ ይላል። አይዲ 4 ለተመሳሳዩ ሥራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከዚያም በላይ።

ወረቀቱ ላይ የምታገኙት ግን ደቂቃው ሳይሆን "ከፍተኛ የቻርጅ ኃይል" የሚል ነው። አይዲ 4 ሲጀምር 125 ኪሎ ዋት ነበር፤ ቀጥሎ 135፣ በኋላ ላይ 175 ደረሰ። ይህ ቁጥር መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚነካው ጫፍ ነው። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ መኪናው ራሱ የሚቀበለውን ይቀንሳል። ስለዚህ አማካዩን አስሉ። 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከ10 ወደ 80 ማድረስ 54 ኪሎ ዋት ሰዓት መጨመር ነው። ይህን በ30 ደቂቃ ከሠራው አማካዩ 108 ኪሎ ዋት ነው። በ18 ደቂቃ ከሠራው 180። ከ80 በኋላ ያለው ደግሞ የሁሉም ባትሪ ቀርፋፋ ክፍል ነው። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ከፊተኛው ሃምሳ በላይ ጊዜ ብትወስድ አይግረማችሁ። ፈጣን ቻርጀር ላይ እስከ መቶ የሚቆም ሰው ጊዜውንም፣ ከኋላው የተሰለፈውንም ሰው ነው የሚያባክነው።

እስካሁን አዮኒክ ግልጽ አሸናፊ ይመስላል። አሁን ቻርጀሩን ወደ 50 ኪሎ ዋት አውርዱት። 54ን ለ50 ስናካፍል ለሁለቱም ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። 800 ቮልት ያለው ምንም አልቀደመም። 400 ቮልት ብቻ በሚሰጥ ቻርጀር ላይም አዮኒክ ቮልቱን ራሱ ከፍ ማድረግ ስላለበት ያቺ 18 ደቂቃ አትገኝም። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የሚታየው በምትሄዱበት መንገድ ላይ ያሉት ቻርጀሮች ናቸው። ካርታ ላይ ዘወትር የምትሄዱበትን ረጅም መንገድ ተከተሉና የእያንዳንዱን ጣቢያ ኪሎ ዋት ተመልከቱ። 350 የሚል አንድም ከሌለ ለ800 ቮልት ተብሎ ተጨማሪ መክፈል ትርጉም የለውም። ካለና በየሳምንቱ የምትመላለሱበት ከሆነ ደግሞ ከሌላው ጥቅም ሁሉ ይበልጣል። እኔ ብሆን ለስክሪን ሳይሆን ለዚህ ነው የምከፍለው።

ቤት ውስጥ ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤት ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ፈጣን ቻርጀር ጋ የሚሄደው። እዚህ ላይ የሚወስነው የመኪናው ሳይሆን የቤቱ መስመር ነው። ተራ ሶኬት በ10 አምፔርና በ230 ቮልት 2.3 ኪሎ ዋት ይሰጣል። በአንድ ሌሊት፣ በ10 ሰዓት፣ 23 ይሆናል፤ በመንገድ የሚጠፋው ሲቀነስ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው ውስጥ ገባ እንበል። እነዚህ መኪኖች በ100 ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ስለዚህ ተራ ሶኬት በሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመልሳል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ባዶውን ባትሪ ሙሉ ለማድረግ ግን ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በ32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር ወደ 7 ኪሎ ዋት ይደረሳል። ሦስት ፌዝ ባለበት ቤት ሁለቱም መኪኖች በአውሮፓ ሞዴላቸው እስከ 11 ይቀበላሉ፤ ያኔ ከምሽት እስከ ጠዋት ሙሉ ነው።

ተራውን ሶኬት ግን አትናቁትም፣ አትመኑትም። ለአሥር ሰዓት ያለ እረፍት ከረንት የሚያልፍበት ሶኬት ማለት ነው። ላላ ያለች ሽቦ ካለች ትግላለች። ለዚህ ብቻ የሚሆን ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ማሠራት ከመኪናው ግዢ ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው።

ሶኬቱ ከተነሳ አይቀር፦ ቻርጅ ማድረጊያው አፍ ዓይነቱ ብዙ ነው። አውሮፓ ሲሲኤስ 2 ይጠቀማል። ቻይና ጂቢ/ቲ። ሰሜን አሜሪካ ሲሲኤስ 1 ነበረ፤ አሁን ወደ ኤንኤሲኤስ እየዞረ ነው። የጃፓኑ ቻዴሞ ደግሞ እየደከመ ያለ ነው። የቻይና አፍ ያለው መኪና ሲሲኤስ ብቻ ባለበት አገር አስማሚ ይፈልጋል። ለዝግታው ቻርጅ አስማሚ በቀላሉ ይገኛል። ለፈጣኑ ግን ውድ ነው፤ ከሁሉም መኪና ጋርም ላይግባባ ይችላል። ይህን ሻጩ "ችግር የለውም" ቢላችሁ ቻርጀር ድረስ አብሯችሁ ሄዶ ሰክቶ ያሳያችሁ።

ብርድ

አጭር ነው። ቤንዚን መኪና ከሞተሩ በሚወጣ ትርፍ ሙቀት ነው ውስጡን የሚያሞቀው። የኤሌክትሪክ መኪና ትርፍ ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከባትሪው ቀንሶ ያሞቃል። ሂት ፓምፕ ያለው መኪና ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ስለሚሠራ ያነሰ ይበላል። በአይዲ 4 በብዙ ገበያ በአማራጭ የሚጨመር ነበር፤ አዮኒክም እንደ ሞዴሉ ነው። ብርድ ባለበት አገር ከሆናችሁ ይህን ሳታዩ አትፈርሙ። ባትሪውን ከቻርጅ በፊት የሚያሞቅ ሥርዓት መኖሩንም ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ አዮኒክ 5ዎች አልነበራቸውም። ቀዝቃዛ ባትሪ ላይ ያቺ 18 ደቂቃ ወረቀት ላይ ብቻ ናት። ቆላ ለሚኖር ሰው ይህ አንቀጽ በሙሉ ቢዘለል ምንም አይጎድልበትም።

አብሮ መኖር

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትታችሁ መኪናው ውስጥ ግቡ። አዮኒክ 5 በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 3 ሜትር ነው። አይዲ 4 2.77 ገደማ። ስለዚህ አዮኒክ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ረጅም ሰው እግሩን ይዘረጋል። ይህ ምቾት ዋጋ አለው። አይዲ 4 በ10.2 ሜትር ክብ ውስጥ ይዞራል። አዮኒክ 12 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በወረቀት ላይ ማንም የማያየው ቁጥር ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ ለመመለስ ስትሞክሩ ግን አንዱ በአንዴ ይዞራል፤ ሌላው ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ይሞክራል። የምትኖሩበት ሰፈር ጠባብ ከሆነ ያቺን 1.8 ሜትር በየቀኑ ትከፍሏታላችሁ።

አይዲ 4 የሹፌሩ በር ላይ ያሉት የመስኮት ቁልፎች አራት ሳይሆኑ ሁለት ናቸው። የኋላውን መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ "ኋላ" የሚለውን በጣት ነክቶ ከዚያ ነው የሚጫነው። ልጆች ከኋላ ይዞ የሚነዳ ሰው ስንቴ የተሳሳተ መስኮት እንደሚከፍት አስቡት። ከስክሪኑ ስር ያሉት የድምፅና የሙቀት ማስተካከያዎች ደግሞ በድሮዎቹ ሞዴሎች ብርሃን የላቸውም፤ ማታ በዳበሳ ነው። በኋላ ታረመ። አዮኒክ 5 በበኩሉ ሲወጣ የኋላ መስታወት የዝናብ መጥረጊያ አልነበረውም። ጭቃና ዝናብ ባለበት መንገድ ላይ የኋላው መስታወት ይጋረዳል። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ተጨመረለት። ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን እንዴት እንዳለፏቸው ዛሬም ይገርመኛል።

ዕቃ መጫኛቸው ይቀራረባል። አይዲ 4 543 ሊትር፣ አዮኒክ 530 አካባቢ። አዮኒክ ከፊት ኮፈን ስርም የቻርጅ ኬብል የምትቀመጥበት ትንሽ ቦታ አለው፤ አይዲ 4 የለውም። ከመኪናው ባትሪ ወደ ውጭ ኤሌክትሪክ የማውጣት ነገርም አለ። አዮኒክ 5 በብዙ ገበያ እስከ 3.6 ኪሎ ዋት ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅና ጥቂት አምፖል ለረጅም ሰዓት ያቆማል። ይህን የሚፈልግ ሰው ለዚህ ብቻ ብሎ ሊወስን ይችላል፤ ትክክል ነው።

አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። "በዚህ ዘመን ታምቡር?" የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጠባ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የኋላው ፍሬን ብዙ አይሠራም። ብዙ የማይሠራ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። ታምቡሩ የተዘጋ ስለሆነ ይቆያል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

ሁለቱም ወደ ሁለት ቶን የሚጠጉ ወይም የሚያልፉ ናቸው። ጎማ ቶሎ ይበላሉ፤ የጎማው የመሸከም አቅም ደግሞ ከተራው ከፍ ያለ መሆን አለበት። ባትሪው ከወለሉ ስር ነው። መንገዳችሁ ድንጋያማ ከሆነ ሻጩ ሊፍት ላይ አውጥቶ ሆዱን ያሳያችሁ። አዮኒክ 5 ከመሬት ያለው ከፍታ 160 ሚሊ ሜትር ነው። በስሙ ኤስዩቪ ቢባልም ከአንዳንድ የቤት መኪና ብዙ አይበልጥም።

የታወቀ በሽታቸው

የሁለቱም በሽታ በአደባባይ ያለ ነው። አዮኒክ 5 አይሲሲዩ የሚባል ክፍል አለው። ቻርጁንና የትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የሚቆጣጠር ነው። እሱ ሲበላሽ ትንሿ ባትሪ ባዶ ትሆናለች፤ መኪናው እየሄደ ኃይል ሊያጣ ይችላል። ሀዩንዳይ በ2024 በአሜሪካ ብቻ ሁለት ጊዜ ጥሪ አድርጓል፤ ማለትም የተሸጡትን መኪኖች ጉድለታቸውን ለማረም መልሶ ጠርቷል። በሁለተኛው ወደ 145 ሺህ የሚጠጉ የሀዩንዳይና የእህት ብራንዱ የጄነሲስ መኪኖች ተካተዋል። አይዲ 4 ደግሞ በዚያው ዓመት በበር እጀታው ተጠራ። ውሃ ገብቶበት በሩ በራሱ ሊከፈት ይችል ነበር፤ በአሜሪካ 98 ሺህ ያህል ናቸው።

ይህን ሰምቶ ሁለቱንም መተው የዋህነት ነው። ጥሪ የሌለበት መኪና የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ይህ እኔ የምገዛው መኪና ተሠርቶለታል ወይ? የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ወይም በወኪሉ ጋራዥ ማረጋገጥ ይቻላል። መኪናው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ግን እናንተ አገር ያለው ወኪል ጥሪውን ላይሠራ ይችላል። ዋስትናውም እንደዚሁ። ሁለቱም በአውሮፓ ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግናሉ። ዋስትናው የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው መኪናውን በሸጠበት ገበያ ነው። በሦስተኛ ወገን ለመጣ መኪና የሚነገር የ8 ዓመት ዋስትና ማን እንደሚፈርምበት ጠይቁ።

ያገለገለ አይዲ 4 ከሆነ የሶፍትዌሩን ቁጥርም እዩ። የ2021ና የ2022 መኪኖች ጋራዥ ካልገቡ ትልልቆቹን ማሻሻያዎች አያገኙም ነበር። ስክሪኑ የሚንቀረፈፍና የሚንጠለጠል ከሆነ መኪናው ገና አሮጌው ላይ ነው ማለት ነው። ማሻሻያውን የሚጭን ጋራዥ በአቅራቢያ ከሌለ ያቺ ስክሪን እንደዚያው ትኖራለች።

ታዲያ የቱ?

ቤት ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉ፣ በብዛት ከተማ ውስጥ የምትነዱ፣ መንገዱም ጠባብ ከሆነ አይዲ 4 ይበቃል፤ በመዞሩም ይክሳችኋል። ሩቅ መንገድ የምታበዙና መንገዱ ላይ ጠንካራ ቻርጀር ካለ አዮኒክ 5 ሌላ ደረጃ ነው። ከኋላ ትልልቅ ሰዎች የምትጭኑም ከሆነ እንደዚያው። ጠንካራ ቻርጀር ከሌለና ዋጋው በጣም የሚራራቅ ከሆነ ርካሹን ውሰዱ። ሁለቱም በደህንነት ፈተናው በዩሮ ኤንካፕ በ2021 አምስት ኮከብ አግኝተዋል፤ በዚህ በኩል የሚያስጨንቅ የለም።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ሞክሯቸው። ጥቂት ደቂቃ ዞሮ መመለስ አይበቃም። ስትነሱ የባትሪውን በመቶኛና ኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንሱ። ፈጣን መንገድም፣ ዳገትም፣ መጨናነቅም ይኑርበት። ስትመለሱ በዳሽቦርዱ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር የበላውን ኪሎ ዋት ሰዓት አንብቡ። ከየትኛውም ወረቀት የተሻለ ቁጥር እሱ ነው፤ የእናንተ እግርና የእናንተ መንገድ የለካው ስለሆነ። የኋላውን ወንበር ለሚቀመጥበት ሰው ስጡት። ቻርጀር ጋ ሄዳችሁ ሰክታችሁ ስክሪኑ ስንት ኪሎ ዋት እንደሚል እዩ፤ ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ሞልቶ ከሆነ ፍጥነቱን ማየት አይቻልም።

ያገለገለ ከሆነ የመጨረሻው ሥራ የባትሪውን ጤና ማስለካት ነው። ዳሽቦርዱ 100 በመቶ ማለቱ ምንም አይናገርም፤ ያረጀ ባትሪም ሲሞላ 100 ይላል። ትክክለኛው በመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚነበበው፣ ከአዲሱ አንጻር የቀረው አቅም ነው። ጥቂት ዓመት ያገለገለ መኪና 90ዎቹ ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ 80 የወረደ ከሆነ ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ። ሻጩ ለዚህ ምርመራ መኪናውን አላስነካም ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።